ስለ ጓንቴ መደበቅ

ልጄ ሆይ፣

በተራራው ላይ ጓንቴን ያስደበቅሽብኝ አንቺ ነሽ። ይህን ያስቀደምኩት ከሰላምታው በኋላ ቢሆን እጄ ይለዝባል ብዬ ነው። እንግዲህ ሰላምታው ይከተል። እንደምን ሰነበትሽ? ያስቸግርሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ከሌሊት ፈረቃው ወጣ ወይስ አሁንም ቀን ቀን እየተኛ ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፣ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍሩ ጠቁሯል። ከዚህ በቀር ደህና ነኝ።

ለምን መሄድ እንደፈለግሁ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ለተራራ ወጪዎች ድንኳን ስሰፋ ኖርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተቀደደውን እየፈታሁ ራሴ ተማርኩ። ድንኳኖቹ ንፋስ በልቷቸው፣ ገመዳቸው ተበጥሶ ይመለሱልኛል። ባለቤቶቻቸውም ስለ ላይኛው መተላለፊያ ያወሩልኛል፤ እዚያ ሲቆሙ ከማዶ ሌላ ዓለም የሚያክል ሸለቆ ይታያል ይላሉ። ስፌቴ በደረሰበት እኔ አልደረስኩም። ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ ልይ አልኩ፣ ይኸው ነው።

ዕቃውን የላክሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ስስ ካልሲ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ላብ የሚያደርቅ ሸሚዝ፣ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የመኝታ ከረጢት፤ ለሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አይመጣም። ጫማውን ለማላመድ በየቀኑ ተጫምቼው ወደ ሱቅ ስመላለስ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ጨረቃ ላይ ሊወጡ ነው ወይ እያለ ይስቅብኝ ነበር። የጀርባ ቦርሳውን ግን አልወደድኩትም። የማንገቻው ስፌት ነጠላ ነው፤ ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት።

አንቺ በስልክ ያገኘሽልኝ መንገድ መሪ ቀጭን ሰው ነው። ከሌላው ቃል ሁሉ "ቀስ" የምትለዋን ስለሚያበዛ ተጓዦቹ "ቀስ በል" ብለው ሰየሙት። በመጀመሪያው ማረፊያ ከተጓዦቹ አንዱ፣ የጥርስ ሐኪም ነው፣ የዝናብ ልብሱን ረስቶ መምጣቱ ታወቀ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ምን አለበት አሉ ሁሉም። ዕቃ የጎደለው ሰው ወደ ላይ አይሄድም ብዬ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። በሱቄም ልማዱ እንዲሁ ነው፤ አንድ መሣሪያ ከጎደለ ሥራ አይጀመርም። አንቺንም ያሳደግሁሽ በዚሁ ነው። ሐኪሙ እያጉረመረመ ከማረፊያው ጠባቂ የዝናብ ልብስ ተከራየ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሰው የገዛ ትንፋሹን ይለማመጣል። ጥቂት ተራምዶ መቆም ነው፤ ደግሞ ጥቂት ተራምዶ መቆም። ራሴን አመመኝ፣ ምግብ አስጠላኝ። ሆኖም መሪው ጣታችን ላይ በሚሰካት የደም አየር መለኪያ ሲያየን ከሁሉም የእኔ ይሻል ነበር። ከመሄዴ በፊትም ሐኪም ደረቴን መርምሮ ፈቅዶልኛል፤ ይህን ነግሬሽ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ማለዳ፣ መተላለፊያው ከፊታችን ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ወፍራሙ ጓንቴ ጠፋ። ቦርሳዬን ገለበጥኩ፣ የመኝታ ከረጢቴን አራገፍኩ፣ የድንኳኑን ወለል በእጄ ዳበስኩ። የጥርስ ሐኪሙ፣ ያ ያስቀየምኩት ሰው፣ ትርፍ ካልሲውን አወጣና "እጅዎ ላይ ያጥልቁትና እንሂድ፣ አባባ። እዚህ ድረስ መጥቶ ይቀራል እንዴ?" አለኝ። ልቤ ሄደች፤ አፌ ግን እምቢ አለ። በሰው የፈረድኩትን ለራሴ ልሽረው? ቀረሁ። ከጉዟችን ወጥ ሠሪ ጋር ድንች ስልጥ ዋልኩ። እነሱ እንደ ጉንዳን እያነሱ ሄደው ጫፉ ላይ ሲቆሙ ከታች ሆኜ አየኋቸው።

ወርደን መኪናው ጋ ስንደርስ መሪው ለብቻዬ ጠራኝና ጓንቴን ከራሱ ቦርሳ አወጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። "ልጅዎ በስልክ አልቅሳ ለመነችኝ፣ አባባ። 'ተመለስ ብትለው አይሰማህም፤ አንድ ዕቃ ከጎደለው ግን ራሱ ይቀራል' አለችኝ" አለ።

እሱን አልተቆጣሁትም፤ የሰው እንባ አሸንፎት ነው። አንቺም ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ እናትሽን በአንድ ቀን ያጣሽ ልጅ ነሽ። አትሂድ ብለሽ ብትጮሂብኝ ኖሮ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አንቺ ግን በገዛ ቃሌ አሰርሽኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ሊጎዳኝ አይችልም፤ ይህን ያህል የሚያውቀኝ የለምና።

አሁን ደክሞኛል። መርፌ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጉልበቴ ያንን ዳገት ሁለተኛ እንደማይወጣው ለማወቅ ሐኪም አያሻኝም። የመኝታ ከረጢቱን ለወጥ ሠሪው ሰጥቼው መጣሁ፤ የእሱ ሳስቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጫፍ ደረሱ ወይ ይለኛል። አልደረስኩም እላለሁ። ለምን ሲሉኝ ጓንቴን ረስቼ እላለሁ። ፀጉር አስተካካዩ "ባለ ጓንቱ" የሚል ስም አውጥቶልኝ ደንበኛ ፊት ሳይቀር ይጠራኛል። ዕቃ ረስቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ቢሆንም ልጁ ደበቀችበት ከሚሉ ረሳ ቢሉኝ ይሻለኛል። ስምሽ በሰው አፍ አይገባም።

ባለቤትሽን ደህና ዋል በይልኝ፤ ቀን ሲተኛ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይጋርድ። ጥርሷ የወለቀውን ትልቋን ሳሚልኝ። ትንሹን ድምቡሼንም፣ እግሩ ከጠና ወዲህ የሚሮጥ ከሆነ፣ ይዘሽ ሳሚልኝ። አማትሽ እናንተ ጋ ካሉ አክብሮቴን አድርሺልኝ።

ስትደውዪ ስለ ጤናዬም ስለ ሥራዬም ጠይቂኝ፣ እመልስልሻለሁ። ይህን ነገር ግን ከዚህ ወረቀት በኋላ እስክሞት አላነሳውም። አንቺም አታንሺብኝ፤ ለይቅርታም ቢሆን። ካነሳሽው ዝም እላለሁ፤ ስልኩን ግን አልዘጋብሽም።

አባትሽ
ከድንኳን መስፊያው ቤት
ኅዳር ፬ ቀን