ቂም በእንግሊዝኛ

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ እህቴ ናኢማ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የኩዌት ሙቀትስ በረድ አለልሽ? እንቅልፍና ምግብሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ በሰላም ወጥቷል፣ ጣናም ሞልቷል። የጎደልሽብን አንቺ ብቻ ነሽ።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አንዴ ሳቄ፣ አንዴ እንባዬ እየቀደመኝ ተውሁት። ጎረቤታችን አደይ ወደዚያው ስለምትመጣ በእሷ እጅ ይድረስሽ ብዬ ጻፍሁልሽ።

አባባን እንግሊዝኛ ይማሩ፣ እንግዳ በጀልባ የሚጭን ሰው ዕድሜ ልኩን በእጅ ምልክት አይኖርም ብለሽ የጎተጎትሻቸው አንቺ ነሽ። አላህ ይስጥሽ። እኔ ስለምናቸው ሽበቴን ይዤ ፊደል ልቁጠር ወይ ይሉኝ ነበር፤ ያንቺን ቃል ግን መጣል አልቻሉም። ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ማኅበሩ አዳራሽ ነው። መምህርታችን ወንጌላዊት ትባላለች፤ ከደብረ ማርቆስ ገና መምጣቷ ስለሆነ የማንንም ቤት ጉዳይ አታውቅም። እኔም ትኬት ስለምቆርጥ አብሬ እማራለሁ። የከበደኝ አጎታችን መስዑድም መመዝገባቸው ነበር። አባባ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

የእነሱ እናት፣ አያታችን፣ ያረፉ ዕለት የሆነውን መቼም አትረሽውም። መስዑድ ጎርጎራ ሄደው ማዕበል አገዳቸው፤ አባባም ሬሳ አይከርምም ብለው ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለምን አልደረስህም፣ ሌላው ለምን አልጠበቁኝም እያሉ፣ ጀልባቸውን አንድ ወደብ ላይ እያሰሩ ሰላምታ ተነፋፈጉ። የኔ ኒካሕ የተገፋውም በዚሁ ነው። አባባ እሱ ከመጣ እኔ የለሁም አሉ፤ እኔም ያለ አጎቴ አላገባም አልሁ።

አንድ ቀን መምህርቷ እንግዳ ተቀይሞ ሲሄድ ምን እንደሚባል ልታስተምረን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈች። ሲነበብ ግራጅ ይላል። ቂም ማለት ነው አለችን፤ ወዲያው የሚበርድ ቁጣ ሳይሆን ሆድ ውስጥ የሚከርመው። እንግሊዞችም እንደኛው ቂምን «ይይዙታል» ብላ፣ በየተራ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራበት ጠየቀችን። ሞተረኛው አዘዘ ብድግ አለና ወንድሜ ሐሙሲት ላይ ትልቅ ግራጅ አለው ብሎ ተናገረ። ጋራዥ መስሎት ነው። መምህርቷ ራሷ እየሳቀች፣ ያን ያህል ትልቅ ቂምስ መኪናም ያሳድራል አለችው።

ሳቁ ሳይበርድ አባባ ተነሡ። ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ «አይ ሆልድ ኤ ግራጅ ዊዝ ማይ ብራዘር» አሉ። ከወንድሜ ጋር ቂም ይዣለሁ ማለታቸው ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። መምህርቷ ግን ምን ታውቃለች፤ ጎበዝ ብላ፣ አንዲት ስሕተት ብቻ ናት አለቻቸው። «ዊዝ» ሳይሆን «አጌንስት» ይባላል፣ በወንድሜ ላይ ለማለት። «ዊዝ» ካሉ ቂሙን ከወንድምዎ ጋር አብራችሁ የያዛችሁት ይመስላል አለቻቸው።

አባባ ሰሌዳውን ጥቂት አዩና «እንግዲያው አልተሳሳትሁም፤ አብረን ነው የያዝነው» አሉ።

ከበሩ አጠገብ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። መስዑድ አጎቴ ቆመው፣ ነገሩ ላለፈ ጊዜ ሲሆን እንዴት እንደሚባል ጠየቁ። መምህርቷ «ሄልድ» አለቻቸው። «አይ ሄልድ ኤ ግራጅ» አሉ፤ ቂም ይዤ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛው አለቀባቸው። «ጋሼ፣ እናቴን አፈር ሳላለብሳት መቅረቴ ነው ያቃጠለኝ። እርስዎን ጠልቼ አይደለም።»

አባባ ከጎናቸው ያለውን ጋቢያቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አጎቴም መጥተው ክፍት በሆነው ቦታ ተቀመጡ። መምህርቷ ያኔ ገባት መሰለኝ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ቆየች። እኔ አለቀስሁ፤ አዘዘም ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

በማግሥቱ ከጁሙዓ በኋላ ሁለቱ አብረው እናታቸው መቃብር ላይ ዱዓ አደረጉ። ሰሞኑን ደግሞ ለአባባ ጉልበት ብለው ወንዛዬ ፍል ውኃ ደርሰው ተመለሱ። ሁሉም እንደ ድሮው ሆኗል ብዬ አልዋሽሽም፤ ጨዋታቸው መሐል ላይ ቀጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ቢሆንም አባባ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት ራሳቸው እያነሡ ይስቃሉ። ኒካሔም ኢንሻአላህ በጥር ነው። እማዬ ለመምህርቷ ዓሣ ሳትልክ የምታልፍ ሳምንት የለችም። እኔ ግን ከአላህ ቀጥሎ የማመሰግነው አንቺን ነው፤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ ሄደሽም ቤታችንን የምታቃኚው አንቺ ነሽ።

ሰላምታውን ልጀምር ስል አባባ ከጎኔ ተቀምጠው «የመስዑድን ከኔ አስቀድመሽ ጻፊ» አሉኝ። እንግዲህ አጎትሽ መስዑድ ከነባለቤታቸው ሰላም ይሉሻል። አባባ ግንባርሽን ይስማሉ። እማዬ ሸሪፋ ሌት ተቀን ዱዓ ታደርግልሻለች። ወንድምሽ ሰላህንም ናፍቀሽዋል።

እህትሽ ሪሃብ ቃሲም
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.