የረቡዕ መጋረጃ

ረቡዕ፣ ጥር 14
«የእትዬ ጥሩሸዋ ጾም ለመሐል ሜዳ ሕዝብ በሙሉ ይበቃል።»
ከጀርባዬ የተቀመጠ ሰው ነው ለባልንጀራው ያለው። ጥሩሸዋ እናቴ ናት። ከበቃ በቃ ብዬ ሁለተኛ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። የጾም ቀን የምንበላው ሰዎች የምንገናኘው ወሰንየለሽ ምግብ ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እኔ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ የግብርናው ባለሙያ... ለስብሰባ እንኳ እንዲህ ተሟልተን አናውቅም።

ዐርብ፣ ጥር 16
እማዬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወደቀች። ስኳሯ ነው። ከማስተምርበት ክፍል ጠርተውኝ ሮጥኩ። እጇ በረዶ... ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናት።
ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ መድኃኒቱን አይወስዱም እንዴ?»
«በባዶ ሆድ አይውሰዱ አላልከኝም? ረቡዕና ዐርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዴ ባዶ ነው። አልወሰድኩም።»
ምን ይበል? ትእዛዙን አክብራለች።
እኔን ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «እንዲህ ከቀጠሉ አንድ ቀን ወድቀው አይነሱም» አለኝ።

እሑድ፣ ጥር 18
ጠዋት ጠዋት እንድትበላ ለመንኳት።
«ነፍሴስ?»
ስለ ነፍስ ያነበብኩት አንድ መደርደሪያ ይሞላል። እማዬን ቁርስ የሚያበላ ገጽ ግን የለውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20
የንስሐ አባቷን፣ አባ መርስዔ ኃዘንን፣ ለምኜ አመጣኋቸው። እኔን ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሷን ተቆጡ።
«ጠዋት ትበያለሽ! በሽተኛ አይጾምም።»
«ታዲያ በምን ልጸድቅ ነው፣ አባ?»
«ስትችዪ ጾምሽ፣ ደግ አደረግሽ። ጾም ሥጋን ይገራል እንጂ ጽድቅ አይገዛም። የሚያጸድቅ እሱ ነው፤ አንቺ እመኚው። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ዐርብ ጾሞ ገነት ገባ?»
እማዬ አሰበች። «አንዱን ጾሟል። መስቀል ላይ ማን ያጎርሰዋል?»
ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔም ከዚያ ሰውዬ የበለጠ የምይዘው የለኝም፣ ጥሩሸዋ።»
ደነገጥኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው የቀደሱ ሰው... ባዶ እጃቸውን?
ከወጡ በኋላ የባሰው መጣ።
«እኔስ እሺ፣ ልመን። ዐርቡን ግን ስለ አባትህ ነፍስ ነበር የምጾመው። ረቡዑን ደግሞ ስላንተ።»
«ስለኔ?»
«የወሰንየለሽ መጋረጃ አጭር ነው፣ በኃይሉ። ከገበያ ስመለስ ጫማህን አያለሁ።»
ስንት ዓመት? አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ፣ ጥር 22
ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። አንዱ ስለ ሌላው ይከፍላል የሚለው ነገር መጽሐፍ ላይ ሲሆን ገብቶኝ ነበር። እንዲያውም ማስረዳት እችልበታለሁ። እኔ ፍርፍር ስደግም እሷ ስለኔ ስትራብ... ይሄ ግን መጽሐፍ አይደለም። እናቴ ናት። ደጃፍ ላይ የጣላትስ ጾም የማን ነበር? የወደቀችው ዐርብ ነው፤ የዐርቡ ጾም የአባቴ ነው። ቢሆንም አልቀለለኝም።

ዐርብ፣ ጥር 23
ለምሳ ወደ ቤት ሄድኩ። ከሷ ፊት መብላት አቃተኝ። ከሷ ጀርባማ ስንት ጊዜ...

ረቡዕ፣ ጥር 28
እማዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የገብስ ቂጣዋን ቆረሰች። አማተበች። በላች፤ መድኃኒቷንም ዋጠች።
«አባ እመኚ ብለዋል፤ አምኛለሁ። አንተስ ታምናለህ?»
«እንጃ፣ እማዬ።»
«እንግዲያው ረቡዑን አንተ ጹም።»
ቁርሴን ሳልነካ ወጣሁ።
በምሳ ሰዓት በወሰንየለሽ በር አለፍኩ። መጋረጃው እውነትም አጭር ነው። የሒሳብ መምህሩን ጫማ አወቅኩት።
ጾሜ ነው አልልም። አምኜ ነው ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል። እንዲሁ አልገባሁም...
አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ርቦኛል።