ባንዲራውን ማን ይያዝ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24
ድምፄ ተዘጋ። «ግራ! ቀኝ!» ስል ዋልኩ። የስፖርት መምህሩ ስለታመመ ለድል በዓሉ ሰልፍ ልጆቹን የማሠለጥነው እኔ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ሆኛለሁ። ሜዳው ይፋጃል። ሁለት ልጆች ወደቁብኝ። ደግነቱ ባንዲራ የምትይዝ አገኘሁ፤ ሩቅያ፣ የመጋላ ሰፈሯ፣ የስድስተኛ ክፍሏ። እሷ ስትራመድ ሌሎቹ ሳይነገራቸው ይስተካከላሉ።

ረቡዕ፣ 25
ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። «የሩቅያ አባት ባንዳ ነበር። በዓሉ ላይ የሚቀመጡት አርበኞች ሰምተዋል። ልጅቷን ለውጪ።»
«ያኔ እሷ የምትታዘል ሕፃን ነበረች» አልኩ።
«እሱን ለእነሱ ንገሪያቸው!»
ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ወንድሜ ማይጨው ላይ ቀርቷል። ቂም ለመያዝ እኔም ምክንያት አላጣም። ግን በዚህች ልጅ ላይ? እንጃ።

ሐሙስ፣ 26
አባትየው ትምህርት ቤት መጣ። የጭነት መኪና መካኒክ ነው። በሩን አላልፍም አለ።
«መምህርት፣ ልጄን ከሰልፉ አውጪልኝ። አሟታል በይ። በእኔ የተነሳ መሆኑን እንዳትሰማ።»
«ባንዳነት ውስጥ ለምን ገባህ?» አልኩት።
«ራብ ነበር። ወላሂ፣ ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ጠየቅሽኝና ነው።»
እሺ ብዬ ብገላገል በወደድኩ። ደክሞኛል። እሺ ግን ከአፌ አልወጣም።
ሳይመሽ ከዚራ ሰፈር ሄድኩ፤ የአርበኞቹ አለቃ ባሻ ወልዴ ዘንድ። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።
«ወንድምሽን ረሳሽው?»
«አልረሳሁም፣ ባሻ። ይህች ልጅ ግን ወንድሜን አልገደለችብኝም።»
«እኔ በልጅቷ ላይ ክፉ አልናገርም። ስለ ሌሎቹ አላውቅም» ብለው ሸኙኝ። ይኸው ነው ያገኘሁት።

ዓርብ፣ 27
ባንዲራውን ሩቅያ ያዘች። ዳይሬክተሩ ሲያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሰው ፊት ስለሆነ አላስቆሟትም። ከባቡር ጣቢያው ተነስተን በዛፎቹ ጥላ ሥር አለፍን። መድረኩ ጋ ስንደርስ ሁለት አርበኞች ፊታቸውን አዞሩ። ባሻ ወልዴ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና ሰላምታ ሰጡ። ለባንዲራው ይሁን ለልጅቷ አላወቅሁም። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተነሱ፤ ሁለቱ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሩቅያ ፊት ለፊቷን ብቻ እያየች አለፈች። አባቷን ከሕዝቡ ኋላ አየሁት፤ በጨርቅ ፊቱን ይጠርጋል፣ ላብ ይሁን ሌላ እንጃ።
ስንበተን ሩቅያ፣ «መምህርት፣ አንዴ ተሳስቼ በግራ ፈንታ በቀኝ ጀመርኩ፤ አየሽኝ?» አለችኝ።
«አላየሁም» አልኳት። አይቻለሁ።
ዳይሬክተሩ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንድመጣ አዘዋል። ምን እንደሚጠብቀኝ እንጃ። እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ይህን እጽፋለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ማንንም አላሰልፍም።