አርባ ቀን «ደኅና ነኝ» ያልሁበት ደብተር

ኅዳር ፲፯ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.
ደባርቅ

ለተከበሩ ለክሊኒኩ ኃላፊ ለዶክተር ፀጋው፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ጋቢዬን ራሴ አጥባለሁ፣ ይህንንም የጻፍሁት ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ የእጄ ነገር ነው።

ጉልበቴ አልሸከምህም ቢለኝ የውፍረት መቀነሻ ክኒን ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ኋላም ያንን አስትተው ሌላ ሲያስጀምሩኝ፣ የሚሰማኝን በየቀኑ እንድጽፍበት ደብተር ስለ ጨመሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ሰው እንዴት ዋልህ ሲለኝ የምመልሰውን አርባ ቀን ሙሉ ጻፍሁ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ»።

እንግዲህ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ አርባ ቀን አንድ ዓይነት ቃል አንብበው፣ አንዴ እንኳ ቀና ብለው ፊቴን ሳያዩ «በጣም ጥሩ» ብለው ፈርመዋል። ሽማግሌ ላይ ማፍጠጥ ነውር መሆኑን ወላጆችዎ በደንብ አስተምረውዎታል።

፪ኛ፦ የፊተኛው ክኒን ሆዴን እያላላ፣ ቅባት የመሰለ ነገር ሳላስበው እያመለጠኝ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ አስቀርቶኛል። ይህን ለልጅ እግሯ ነርስ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ እንድናገር ማዘዝዎ ለክብሬ ምን ያህል እንደሚያስቡ ያሳያል።

፫ኛ፦ ሁለተኛው ሆዴን ምሮ ልቤን ያዘ። ተቀምጬ ሳለሁ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ይደልቃል፤ አፌ ይደርቃል፤ እንቅልፍ የለም። ይህንንም ደኅና ብዬ ጻፍሁት።

፬ኛ፦ ይኸኛው የእኔው ነው። ጎረቤቴ ሸጊቱ፣ ዳባት ገበያ ጌሾ የምትሸጠዋ፣ እሷም የፊተኛውን ክኒን ትወስድ ነበርና ወደ ሁለተኛው ቀይሪ ቢሏት ፈራች። እርስዎም የእኔን ደብተር ገልጠው አሳዩዋት። እሷ ግን ደጄ ድረስ መጥታ፣ «አያ ደምለው፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ በእኔ ላይ እንኳ አይኩሩ» አለችኝ። ኮራሁባት። ምንም የለውም፣ ዋጪው አልኋት። በስድስተኛው ቀን ገበያው መካከል ልቧ እየደለቀ ተዝለፍልፋ ወደቀች። አሁን ጎንደር ተኝታለች።

ስለዚህ ደብተሩን ይመልሱልኝ። አምላክን ማመስገኔን አልሰርዝም፤ ከሥሩ የየቀኑን እውነት እጽፍበታለሁ። እስከዚያ ያንን ክኒን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ በትሕትና እለምናለሁ።

የቀረውን ዕዳ ራሴ እወጣዋለሁ። ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ጎንደር ወርጄ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ፣ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። እስክትነሣም ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት ገበያ ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ጌሾዋን እሸጣለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉ በፊትም ዓይን እግዜር እንዲሰጥዎ የምመኝልዎ፣
ደምለው

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሸጊቱ፣ ተኝታ ላለችበት

የረሳሁት፦ የልብ ማዳመጫዋን አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው ሁልጊዜ አያለሁ፤ ታምርብዎታለች። ጆሮ ውስጥም ትገባለች ይላሉ።