ሎሚ ገራባ በላች

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ከሰዓት

ለምሳ ከሥራ ቦታዬ ከከዚራ ስመለስ ነጯ አይጤ ሎሚ የሽቦ ቤቷ ውስጥ ስትሽከረከር አገኘኋት። አንስቼ ስይዛት ልቧ መዳፌ ላይ እንደ ስልክ ነዘረኝ። ጥጥ የምትባለው እህቷ ጥግ ይዛ ታያታለች።

እኔ ሥራ ስውል ሁለቱን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ናት። ውሃቸውን ትቀይራለች፤ ሙቀቱ ሲብስ እርጥብ ፎጣ ትጥልላቸዋለች። ዛሬ ባሏ ትናንት በርጫ ላይ ሲቅም የተረፈውን የጫት ቅጠል፣ ገራባውን፣ ለፍየሎቿ ስትበትን ለነሱም አካፍላለች። ጥጥ አልነካችውም። ሎሚ ጨርሳዋለች።

"ፍየሎቼ ሁልጊዜ ይበሉት የለ? ወላሂ ወድጃት ነው!" አለችኝ።

የከብት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። "አይጥ? መርዝ ፈልገሽ ነው?" ብሎ ሳቀ። ሳለቅስ ሲሰማ ደነገጠ። "ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጫት፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም" አለኝ።

ጥጥን አውጥቼ ሎሚን ከነሽቦ ቤቷ መታጠቢያ ቤት አስገብቼ በነጠላዬ ሸፈንኳት። እስከ ቅድም ሽቦውን ስትቧጥጥ ይሰማ ነበር። አሁን ኮሽታ የለም።

"ተኛች፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች አዴ በሩ ላይ ቆማ። ነጠላውን ግን እሷም አልገለጠችው፤ እኔም።