ለአንቺ ድምፅ የተከፈተው በር

ለታላቅ እህቴ ለማና ሉሚንግ፦

እንደምን ከርመሻል ማና? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ የሆንግ ኮንግ ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ደርበሽ ነው የምትተኚው? አሠሪሽ ጤና ናት? የምታሳድጊያት ሕፃንስ ጥርስ አወጣች? በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሥራ ሥራ ስትዪ ምሳሽ እራት ይሆናል? እኛ ሁላችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱን ለወጉ ያህል የጻፍኩት አይምሰልሽ፤ እውነት ናፍቀሽኛል። ተናድጄብሻለሁም። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ነው የምልክልሽ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪኝ። በደወልሽ ቁጥር ናናይ ከጎኔ ተለጥፋ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ክርኔን ትጎትታለች። ገና ሦስት ቃል ሳልናገር ስልኩን ከእጄ ትመነትፈዋለች። እናታችን ባለችበት ስለ እናታችን እንዴት አድርጌ ላውራሽ? ስለዚህ የጎረቤታችን የቲያ ክሌመንታ ልጅ ወደዚያው ለሥራ ስትመጣ ይህን ደብዳቤ አስይዤልሻለሁ። እሷ ከማውራቷ በፊት አንብቢው፤ እናቷ የነገረቻት ታሪክ ቀንድና ጭራ አብቅሎ ነው የሚደርስሽ።

ነገሩ የጀመረው ከገና በኋላ ወንድም ዶሮቴዎ የሚባል ሰባኪ ወደ መንደራችን ከመጣ ወዲህ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ግን ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ቤተ ጸሎታችን ውስጥ ቆሞ ሦስቱ የጨለማ ቀናት ቀርበዋል አለን። ፀሐይ ሦስት ቀን አትወጣም፣ የሱቅ ሻማ እምቢ ይላል፣ የሚበራው ከንጹሕ የንብ ሰም ተሠርቶ በካህን የተባረከ ሻማ ብቻ ነው አለ። በርና መስኮት ዝጉ፣ ወደ ውጭ አትዩ፣ አጋንንት በር ላይ ቆመው በእናታችሁ፣ በልጃችሁ፣ በእህታችሁ ድምፅ ይጠሯችኋል፤ ያን ጊዜ የከፈተ ቤት ከነነዋሪው ይጠፋል አለ። በሚቀጥለው እሑድ የደብሩ አባት መጥተው ቀኑን የሚያውቅ ማንም የለም፣ ንስሐ ግቡ፣ የተጣላችሁትን ታረቁ፣ ዝግጅት ማለት እሱ ነው አሉን። ናናይ የመጀመሪያውን ሰማች፤ ሁለተኛው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ዕረፍት አላየም። ባለቤቴ ፊሎ አራት ቀን ሙሉ ጫካ ለጫካ የዱር ማር እንጀራ ሲፈልግ ከረመ። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፍቶ ሲመለስ የገዛ ልጁ ሊዛሚ አላወቀችውም፣ ጮኻ ሸሸች። ሰሙን በወተት ቆርቆሮ ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። በጨርቅ ያጠለልኩት፣ ክሩን የገመድኩት፣ በፓፓያ ቅጠል አገዳ ውስጥ አፍስሼ ያረጋሁት እኔ ነኝ። አውራ ጣቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ስትመጪ አሳይሻለሁ። ለካንዴላሪያ፣ ለሻማው ቡራኬ በዓል፣ ወስደን አምስት ሻማ አስባረክን።

ቤት ስንገባ ናናይ ለየሰዉ ታድል ጀመር። ረጅሙንና ወፍራሙን፣ አንድም ጉድፍ የሌለበትን፣ ብድግ አድርጋ በቀይ ሪባን አሠረችው። ለራሷ መስሎኝ ነበር። «ይሄ የሉሚንግ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አለች። ኧረ ናናይ፣ ሉሚንግ ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ የዚህ ብርሃን እዚያ አይደርስም አልኳት። ስትመጣ ታበራዋለች አለችኝ። ለእኔ የደረሰኝን ልንገርሽ? መጨረሻ ላይ ከማጥለያው ጨርቅ ተጨምቆ የወጣው፣ የጣቴን ግማሽ የማያህል፣ የንብ እግር የተጣበቀበት። ፊቴን አይታ «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ እኛው ጋ ነሽ፣ በእኛ ብርሃን ታያለሽ» አለች።

ቅናት ነው በይኝ። አዎ፣ ቅናት ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ በሻማ ቀናሁ። አንቺ ከላክሽው ካርቶን የወጣ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ልብሷ መሀል ተቀምጧል፤ በዚያ ሳሙና ጀርባዋን የማሻት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ውሃዋን ቀዳሁ፣ መድኃኒቷን ቆጠርኩ፣ ጥፍሯን ቆረጥኩ። ሰው ቤት ሲመጣ የምታሳየው ያንቺን ፎቶግራፍ ነው። እኔማ ሻይ ይዤ ስገባ «ይቺ ደግሞ ታናሿ ናት» ትላለች።

ይሁን፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። ናናይ ሻማው ብቻ አይበቃም፣ መለማመድ አለብን አለች። ዓርብ ዓርብ፣ ጌታ በሞተበት ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ላይ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ እንሸፍናለን፣ በሩን እንቀረቅራለን፣ መቁጠሪያ ይዘን አንድ ሰዓት እንቀመጣለን። በዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር! ላባችን ሻማውን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። አሳማውም ይግባ ብላ ድርቅ ብላ ነበር። ፊሎ «ናናይ፣ እሱ ከገባ አጋንንቱ ድምፅ ማስመሰል አያስፈልጋቸውም፣ በጩኸቱ ብቻ ራሳችን በሩን ከፍተን እንወጣለን» ብሎ ነው ያስተዋት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም፣ ዓርብ፣ ለሦስቱ ቀን የሚሆነንን ዓሣ ባሕር ዳር አስጥቼ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ሮጬ ሄድኩ፣ ዓሣውን በወንፊቱ ሰብስቤ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኗል፣ ዝናቡም ጀምሯል። በሩ ተቀርቅሯል። ናናይ ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ ፔቲንግ አልኩ። የውስጡ ጸሎት ከፍ አለ። ናናይ ዓሣው ሊበሰብስ ነው አልኩ። «ሰይጣንም ይሄንኑ ነው የሚለው!» አለችኝ ከውስጥ። ፊሎ ቀስ ብሎ እሷ ትመስለኛለች ሲላት ሰማሁት። «ዝም በል አንተ! በሚስትህ ድምፅ ነው የሚይዝህ» አለችው። ሊዛሚ ስትስቅ ሰማሁ። የወለድኳት ልጅ!

ትናንት ወገብሽን ያሸሁሽ እኔ አይደለሁም ወይ አልኳት። ሰይጣን ሁሉን ያያል አለች። ከግራ ጡትሽ ሥር ጥቁር ምልክት አለሽ አልኳት፤ እሱን እንኳ ጮክ ብዬ መናገር አልነበረብኝም። ቲያ ክሌመንታ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ «ፔቲንግ፣ ምነው ሳይጨልም ከመንግሥተ ሰማያት አባረሩሽ?» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ፀጉሬ ፊቴ ላይ ተለጥፏል፣ የዓሣው ውሃ በክንዴ ይወርዳል። 

ማና፣ ምን እንደገባብኝ አላውቅም። ናናይን ስትጠሪ መጨረሻውን ጎተት እንደምታደርጊው ታውቂያለሽ። ወንፊቱን መሬት አስቀምጬ፣ አፌን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቼ፣ አንቺን መስዬ፣ ቀስ ብዬ፣ «ናናይ፣ እኔ ነኝ፣ ሉሚንግ። መጣሁ» አልኩ።

ጸሎቱ ቀጥ አለ። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ፊሎ «ናናይ! ናናይ!» ሲል፣ መቀርቀሪያው ሲሳብ፣ በሩ ወለል ሲል፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ሆነ። ባዶ እግሯን ነበረች። ያንቺን ሻማ፣ ያንን ማንም እንዳይነካው ያለችውን፣ አብርታ ይዛለች። እኔን አላየችኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች። የት አለች አለችኝ። እኔ ነኝ ናናይ አልኳት። ሉሚንግ የት አለች አለች፤ ገፍታኝ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ሻማው ጠፋ። እስከ መንገዱ ዳር ሄዳ ቀኝና ግራ አየች። ከዚያ አገር የሚመጡት ሳይናገሩ ድንገት ነውና የሚገቡት፣ በእውነት የመጣሽ መስሏት ነበር። ቲያ ክሌመንታ እንኳ መሳቋን ተወች።

ደግፌ አስገባኋት። ፀጉሯን ሳደርቅላት ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችኝም። «ሰይጣን ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የከፈትኩት» አለችኝ።

ገባሽ ማና? በእኔ ድምፅ ሲሆን ነፍሷን ጠበቀች። በአንቺ ድምፅ ሲሆን ነፍሷንም፣ የፊሎንም፣ የልጄንም ነፍስ አሳልፋ ሰጠች፤ ያውም ሳታመነታ። በዚያ ቀን አንቺን ጠላሁሽ። ካርቶንሽን ሁሉ አውጥቼ ባሕር ልጥለው አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምነው ባትመጣ፣ እዚያው በቀረች አልኩ።

ናናይ ከዚያ ወዲህ ምግብ በቅጡ አልበላላትም። ፈተናውን ወድቄያለሁ፣ ቤቴን አጥፍቻለሁ ብላ ሄዳ ለአባ ተናዘዘች። አባ ልምምድ ነው፣ ማንም አልጠፋም ብለው አጽናንተው ሰደዷት፤ እሷ ግን አልተጽናናችም። ባለፈው ሐሙስ ጠራችኝና ከዛሬ ጀምሮ በሩ ጋ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ አለችኝ። «እኔ ራሴን አላምንም። ድምፅዋን ከሰማሁ እንደገና እከፍታለሁ። አንቺ አትከፍቺም» አለች። አመስግናኝ ይሁን ሰድባኝ እስካሁን አልገባኝም።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ እስቲ አሁን ሉሚንግ ትጥራት፣ እኔ ነኝ ባለ በሩ። በማግስቱ ጀርባዬን ለመቀርቀሪያው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ናናይ ወዲያ ጥግ ሆና መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፣ ዓይኗ ግን ሻማው ላይ አይደለም፣ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ነፋስ በሩን ገፋ ሲያደርገው ሁለታችንም ደነገጥን። ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ስትለምን አይቻት አላውቅም። አትከፍቺም ያለችው እሷው ናት፣ ክፈቺ የሚለው ዓይን የእሷው ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር አወቅሁ፤ ጨለማው በእውነት መጥቶ አንቺ ብትጠሪ እኔም እከፍት ነበር። ቅናቴን እንደያዝኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ እከፍት ነበር። ለዚህም ተናድጄብሻለሁ።

አሁን ደግሞ ውሌን ለሁለት ዓመት አድሳለሁ ብለሽ ነገርሻት። እሷም ጥሩ ልጄ፣ ደግ አደረግሽ አለችሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያደረገችውን አንቺ አላየሽም። ሻማሽን አውጥታ ስንት ጣት እንደቀረው ለካችው፤ ከዚያ መልሳ ጠቀለለችው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው ማና። ከውሃ ጉድጓዱ እስከ ቤት ሁለቴ ታርፋለች። ወንድም ዶሮቴዎ የሚለው ቀን መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ የናናይ ግን ሩቅ አይመስለኝም። እባክሽ ውሉን አታድሺው። ይህን የምለምንሽ እኔ ነኝ፣ ምነው ባትመጣ ያልኩት ያው አፌ።

ፊሎ ሰላም ብሎሻል፤ እብጠቱ ጎድሎ ዓይኑ ተከፍቷል። ሊዛሚ ትስምሻለች፣ በላክሽላት ጫማ ቤተ ጸሎት ትሄዳለች፣ ጠቦኛል ብላ ግን አትናገርም። ቲያ ክሌመንታ ልጄን አደራ ብላለች። አብረውሽ ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች፣ በተለይ ስትታመሚ ሾርባ ለሠራችልሽ፣ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ናናይ ደብዳቤ እንደጻፍኩ አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ሰላምታዋ ብቻውን ሌላ ወረቀት ይፈጅ ነበር።

ስትመጪ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ድንገት መጥተሽ በር ላይ ቆመሽ እንዳትጠሪያት። መጀመሪያ ከመንገድ እኔን አስጠሪኝ፣ አብረን እንሄዳለን። በሩ ተዘግቶ ይሁን፣ አንቺ ከኋላዬ ቁሚ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ። የምጠራት እኔ ነኝ፣ በገዛ ድምፄ፣ ናናይ እኔ ነኝ ፔቲንግ ብዬ። ከከፈተችልኝ አንቺንም ታገኝሻለች። ካልከፈተችልኝ ቶሎ ብለሽ እንዳትጠሪያት ማና፤ አንድ ጊዜ ልድገምላት።

ታናሽ እህትሽ ፔቲንግ

ታግባይ መንደር፣ ሳማር ደሴት
ማርች 21 ቀን 2017