ሳጂዳ ምሳ ስትበላ

የሳጂዳ አባት፣

የልጃችንን የሐኪም ቀጠሮ ላስተካክል ደሴ ሄጃለሁ። ምሳዋን በሰሃን ከድኜ ትቻለሁ። "ብይ" አትበላት፤ "ላጉርስሽ"ም አትበላት። አጠገቧ ቁጭ ብለህ የራስህን እየበላህ ሌላ ወሬ አውራ።

ጎረቤት ሲጠይቅ ደግሞ "ጾመኛ ናት" ማለቱን ተው። በአላህ፣ አሟታል በል። ምግብ መፍራትም በሽታ ነው።

ጅዳ ሳለሁ በስልክ "ወፍረሻል ልጄ" ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አንተ አንድም ቀን አላነሳህብኝም።
ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት የዐስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ ተኝታ ነበር። እንደ ልማዴ እጄን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ፤ ትንፋሿ ዘገየብኝ። ዓይኗን ሳትገልጥ "አለሁ፣ እማ" አለችኝ። ለካ ሁልጊዜ ታውቅ ኖሯል።

እስክመጣ ብቻዋን አትተዋት።

መስኡዳ